የፖሊን የጥርስ ብሩሽ

ፖሊን እሁድ ጠዋት ጥርሷን ልትቦርሽ መታጠቢያ ቤት ስትገባ ብሩሿን ጭቃ በጭቃ ሆኖ አገኘችው። ሲያጥቡት የተረሳ ዓይነት ትንሽ እድፍ አይደለም፤ በጭራሮቹ መሐል ገብቶ የደረቀ ጥቁር የእርሻ ጭቃ ነው። የባሏ የግራሃም ብሩሽ እዚያው ብርጭቆ ውስጥ እንደ ሙሽራ ነጽቶ ቆሟል። ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው። ባለፈው ወር ገበያ አዳራሹ ውስጥ ሁለቱን በአንድ ፓውንድ ተኩል ሲሰጧት «ቀይ የለም ወይ?» ብላ ጠይቃ ነበር፤ አልነበረም። ብሩሹን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋችው። ከጭቃው ሥር የጥርስ ሳሙናው የናና ሽታ አለ። ሰውየው ብሩሿን መውሰዱ አልበቃው ብሎ ሳሙናም ጨምሮበታል ማለት ነው።

«ግራሃም» ብላ ወደ ታች ተጣራች። መልስ የለም። ደረጃውን ወርዳ ወጥ ቤት ብትገባ የሻይ ጀበናው ጎን ገና ለብ እንዳለ ነው፤ ሰውየው ግን የለም። መኪናውም ከደጅ የለም። ጠረጴዛው ላይ በተዘረጋው ጋዜጣ ጠርዝ «ወተት» ብሎ ጽፎ ሄዷል። ማቀዝቀዣውን ከፈተች። ግማሽ ጠርሙስ ወተት አለ። ሱቁ ደግሞ የመንገዱ ጥግ ላይ ነው፤ በእግር ደርሶ ለመመለስ ውሃ እስኪፈላ አይፈጅም። ይህን ሁሉ አየች እንጂ አላሰበችበትም፤ ሐሳቧ ያለው ብሩሹ ላይ ነበር። አፏን በጨው ውሃ ተጉመጥምጣ፣ ብሩሹን እንደ ማስረጃ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ጠበቀችው።

ግራሃም ሲመለስ ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ፖስታ ሲያድል ኖሮ ጡረታ የወጣ ረጅም ቀጭን ሰው ነው፤ አሁንም ሲራመድ ትከሻው ላይ ከባድ ቦርሳ ያለ ይመስል ወደ አንድ ጎን ያዘነብላል። ወተቱን አስቀመጠ፤ ብሩሹን አየ፤ ወንበር ሳይስብ ቆመ። ሱሪው ጉልበቱ ላይ ገለባ ይዟል።

«በብሩሼ ምን ቦረሽክበት?»

«የቱ ብሩሽ?»

«አንተው ንገረኝ እንጂ።»

«ተሳስቼ ይሆናል። ሰማያዊ ነው።»

«ሁለቱም ሰማያዊ ናቸው።»

«እሱን እኮ ነው የምለው» አለ ግራሃም፤ ቀጥሎም ማቀዝቀዣውን ከፍቶ አዲሱን ወተት ከአሮጌው ወተት አጠገብ አስቀመጠ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ፖሊን በዚህ አታበቃም ነበር። ዛሬ ግን ከብሩሽ የሚበልጥ ጉዳይ አለ። ነገሩ የተጀመረው ረቡዕ ዕለት ነው። ቤታቸው ኖርዊች ከተማ ውስጥ ትከሻ ለትከሻ ተያይዘው ከተሠሩት ቀይ የጡብ ቤቶች አንዱ ነው፤ ጓሮው አንሶላ ሲሰጣ ያልቃል። ፖሊን ያን አንሶላ እያሰጣች ሳለ ግራሃም ከአጥር ወዲያ ካለው ጎረቤት ጋር ሲያወራ ሰማችው። «እኔ የምኖረው እሁድ ነው» ይላል። «ሌላው ቀን መጠበቂያ ክፍል ነው። ስምህ እስኪጠራ ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ።» ጎረቤቱ ሳቀ። ፖሊን መቆንጠጫውን በጥርሷ እንደያዘች ከአንሶላው ኋላ ቆመች። በዚያ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ አብራው የምትቀመጠው እሷ ናት።

እውነቱን ለመናገር ልጆቹ ከወጡ ወዲህ በዚያ ቤት የሚወራው ነገር አንሷል። እሷ ከመስኮቱ ሥር የሰው ሱሪ ታሳጥራለች፣ መጋረጃ ትሰፋለች። እሱ ጥግ ካለው ወንበር ጋዜጣ ያነብባል። ቴሌቪዥኑ ለሁለቱም ያወራል። የመስኮቱ ደፍ፣ የምድጃው መደርደሪያና የልብስ ስፌት ማሽኗ ግማሽ ክዳን ሳይቀር እሱ ከመሬት ባወጣቸው ነገሮች ተይዘዋል፤ በማርማላታ ጠርሙስ የሞሉ የዛጉ ቁልፎች፣ የልጓም ቁርጥራጮች፣ ምን እንደነበሩ እግዜር ብቻ የሚያውቃቸው ጠማማ ብረቶች። እሁድ እሁድ እሱ ብረት መፈለጊያውን ይዞ ወደ እርሻ ይወጣል፤ እሷ በአውቶቡስ እህቷ ሺላ ቤት ለምሳ ትሄዳለች። እዚያም የሺላ ባል የተጠበሰውን የበሬ ሥጋ ይቆርጣል፣ ሰው ሁሉ ድንቹን ያመሰግናል፣ ከዚያ በኋላ የሚሰማው ሹካና ቢላዋ ብቻ ነው። ሺላ ዝምታው ሲረዝምባት «ግራሃም ዛሬም ቆርቆሮ ፍለጋ ወጣ?» ትላለች። ሁልጊዜ ይችኑ ነው የምትለው።

ስለዚህ ረቡዕ ማታ ፖሊን ከአንሶላው ኋላ የሰማችውን ሳታነሳ ቁርጡን ተናገረች። «እሁድ እኔም እመጣለሁ። ምን እንደምታይበት ልይ። ካየሁ አየሁ። ካላየሁ ያን ብረት መፈለጊያ ማሽንህን ለበጎ አድራጎት ሱቅ ትሰጠዋለህ፤ ከዚያ ወዲያ እሁድ እሁድ አብረን ሺላ ቤት እንሄዳለን።» ማሽኑ አዲስ ምድጃ በሚገዛበት ዋጋ የተገዛ ነው። ግራሃም ግን ዋጋውን ያሰበ አይመስልም፤ የሺላን ባል ነው ያሰበው። ለረጅም ጊዜ ሳህኑን አየ። በመጨረሻ «እሺ» አለና ጣፋጩን ፑዲንግ ሳይጨርስ ተነሣ። በትዳራቸው እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም።

እርሻው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ በሁለቱም በኩል ቁጥቋጦ በታጠረ ጠባብ መንገድ ጫፍ ላይ ነው። ባለቤቱ ሚስተር ታስከር የሚባሉ ሰማንያን የተሻገሩ ሽማግሌ ናቸው። ግራሃምን ገንዘብ ጠይቀውት አያውቁም፤ ሕጋቸው ሦስት ብቻ ነው። የቆፈርከውን ድፈን፣ በሩን ዝጋ፣ ያገኘኸውን ሳታሳየኝ አትሂድ። ግራሃም ያገኘውን ጠማማ ብረት ሁሉ በየእሁዱ መጀመሪያ ለእርሳቸው ዘርግቶ ነው ወደ ቤት የሚያመጣው። ስንዴው ታጭዷል፤ ሜዳው ላይ የቀረው ቁርጭምጭሚት የማይሞላ ወርቃማ አገዳ ነው። ጥቅምት ቢሆንም ፀሐይዋ ደህና ነበረች፤ ነፋሱ ግን የሰው ዓይን ያስለቅሳል። ከሜዳው ማዶ አንድ ትልቅ ዛፍ ብቻውን ቆሟል።

ግራሃም ማሽኑን አስያዛት። እጀታ ያለው ረጅም ዘንግ ነው፤ ጫፉ ላይ የእራት ሳህን የሚያህል ክብ ነገር አለው። ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አደረገላት፤ ፀጉሯን እንዳይዝ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ሰበሰበው። እንዲህ ፀጉሯን ከነካ ስንት ጊዜ ሆነው ብላ ማሰብ ጀምራ ተወችው።

«ሳህኑን ከመሬት አታርቂው። ቀስ በይ። ወለል እንደሚጠረግ፣ ወዲያና ወዲህ።»

«እኔ ወለል ቀስ ብዬ አልጠርግም።»

«አውቃለሁ» አለ ግራሃም። «አቧራውን ወደኔ ነው የምትልኪው።»

ጥቂት እንደሄደች ጆሮዋ ውስጥ ጢጥ አለ። ቆመች። ሳህኑን መለሰችው፤ እንደገና ጢጥ። ግራሃም ካሮት የመሰለች ብርቱካናማ መጠቆሚያ ሰጣት፤ ብረት አጠገብ ሲያደርሷት የምትንቀጠቀጥ ነገር ናት። ፖሊን ተንበረከከች። ትንሿን አካፋ ሰደደች፣ አፈር ገለበጠች፣ በጣቷ ፈተፈተች። ልቧ ያለ ምንም ምክንያት መምታት ጀመረ። የወጣው የለስላሳ ጣሳ መክፈቻ ቀለበት ነው።

«እሁድህ ይሄ ነው?» አለችው።

«የወርቅ ቀለበትና የጣሳ መክፈቻ ድምፃቸው አንድ ነው። ማሽኑን መክፈቻ እንዳይሰማ ካደረግሽው ወርቁንም አይሰማም። ስለዚህ ሁሉንም መቆፈር ነው።»

«እስካሁን ስንት መክፈቻ አውጥተሃል?»

«እሱማ ባልዲ ሞልቷል።»

«ወርቅስ?»

ግራሃም ዛፉን አየ። «ወርቅ ገና ነው» አለ።

መክፈቻውን የቆሻሻ ኪሷ ውስጥ ከታ፣ አፈሩን መልሳ፣ በጫማዋ ረግጣ ተነሣች። ሌላ ጢጥ፤ የአደን ጥይት ቀለህ ነው። ሌላ ጢጥ፤ ሌላ ቀለህ። ሦስተኛው ላይ የዛገ ዘለበት ወጣ፤ ግራሃም የፈረስ ነው አላት። ፖሊን ፈረሱን አሰበች። ወዴት እየሄደ ነበር የተፈታበት? እስከዚያ ሰዓት ድረስ የሱሪውን ባለቤት ቀጠሮ፣ የሺላን ድንች፣ የብሩሿን ነገር እያብሰለሰለች ነበር፤ አሁን ግን አንድም ሐሳብ ጭንቅላቷ ውስጥ እንደሌለ አስተዋለች። ጆሮዋ ብቻ ነው ያለው። ጆሮዋ ደግሞ መሬት ውስጥ ነው። እንደ ልጅነቷ ሊነገራት ያለ ነገር እንዳለ፣ ሰው ጠረጴዛ ሥር ሆኖ የትልልቆቹን ወሬ እንደሚያዳምጥ ዓይነት ነው። በመሐሉ ቀና ስትል ፀሐይዋ ብዙ ተንቀሳቅሳለች።

ከዚያ ለስለስ ያለ፣ ዝቅ ያለ ጢጥ መጣ። ቆፈረች፤ አልወጣም። ጠለቅ አለች። በመጨረሻ ከጣቷ ጫፍ የማትበልጥ ጭቃ የሞላባት ነገር መዳፏ ላይ ወደቀች። በውሃ ጠርሙሱ አፍስሳ አጠበቻት። ጎኗ ሁሉ በመርፌ ራስ የተወቀረ በሚመስል ጉድጓድ የተሞላ ትንሽ የነሐስ ቆብ ናት። ግራሃም ምን እንደሆነች ሊነግራት አፉን ሲከፍት ፖሊን ቀደመችው። ሲሰፉ መርፌ እንዳይወጋ ጣት ላይ የሚጠለቅ ቆብ ነው፤ እሷ ራሷ አንድ አላት፤ የእሷ ከብረት ነው። መሐል ጣቷ ላይ አጠለቀችው። ልክ ነው።

«እርሻ መሐል ምን ይሠራል?»

«ድሮ የከተማው ጥራጊ በጋሪ እየወጣ ማዳበሪያ ይሆን ነበር» አለ ግራሃም። «ከአንድ ቤት ወለል ተጠርጎ ነው የመጣው። ምናልባት ከኛው ሰፈር።»

ፖሊን በቆቧ ውስጥ ያለውን ጣቷን ወደ ብርሃን አድርጋ አየችው። ያቺ ሴት ከወንበሩ ሥር፣ ከምንጣፉ ሥር ስትፈልገው ታየቻት። ጠርጋ ያወጣችው ራሷ መሆኗን ሳታውቅ ባሏን አንተ ነህ የጣልክብኝ ብላው ይሆናል። ሰውየውም ተሳስቼ ይሆናል ብሎ ቆሞ ይሆናል። ፖሊን ብቻዋን ሳቀች። ከዚያች ሴት ጣት በቀጥታ ወደ እሷ ጣት ነው የመጣው፤ በመሐል የነካው ሰው የለም።

«ምን ያስቅሻል?»

«ምንም። ማሽኑን አምጣው።»

ከዚህ በኋላ የቸገረው ግራሃም ነው። እሷ የራሷን መስመር ይዛ ወደ ቁጥቋጦው አጥር በኩል ትሄዳለች፤ እሱ ደግሞ ከኋላ ከኋላ እየተከተለ «ፖሊን፣ ወደ ዛፉ በኩል ብትሞክሪስ?» ይላል። ቆይቶ «ዛፍ አካባቢ ድሮ ሰው ጥላ ስለሚያርፍበት ጥሩ ነው» ይላል። እሷ አጥሩ ጋ አንድ ቁልፍ አገኘች፤ ከቁልፉ ቀጥሎ የተሰበረ ማንኪያ አገኘች፤ መሄድ አልፈለገችም። ምሳ አጥሩ ሥር ተቀምጠው ሳንድዊች በሉ፤ አይብና የተቀመመ ሽንኩርት ነው፤ ሻዩ ከፔርሙዙ ሲቀዳ ይጨሳል። ብዙ አልተነጋገሩም፤ ግን በሁለት ወንበር መሐል የሚቀመጠው ዓይነት ዝምታ አልነበረም። እሷ ከእግሯ ሥር ያለውን መሬት ታያለች፤ እሱ ዛፉን ያያል። ዳመናው ከባሕር በኩል መጠጋት ሲጀምር ግራሃም ሰዓቱን አየ፣ ሰማዩን አየ፣ በመጨረሻ «ባትሪው ሊያልቅ ነው» አላት። «የቀረችውን ዛፉ ጋ እንጨርሳት።»

«ዛፍህን ተወኝማ።»

«አንዴ ብቻ። ለኔ ስትይ።»

ግራሃም «ለኔ ስትይ» የሚል ሰው አይደለም። ፖሊን ማዳመጫውን አውርዳ አየችው፤ ነፋሱ ዓይኑን አስለቅሶታል። መልሳ አጠለቀችና ወደ ዛፉ ሄደች።

ዛፉ ጋ ስትደርስ ድምፁ ጠራ፤ የቀኑን ድምፅ ሁሉ የሚያስንቅ፣ እንደ ብርጭቆ ጠርዝ የጠራ ነው። ግራሃም ጥቂት ራቅ ብሎ እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ወደ ላይ ያያል። ላይ ምንም የለም። ፖሊን ተንበረከከች። ገለባው አፈሩ ላይ ሰው ያነጠፈው ይመስል በሥርዓት ተኝቷል። አካፋዋ እንደ ዱቄት ውስጥ ገባች፤ ሌላው ቦታ ላይ እጇን ያሳመማት መሬት እዚህ ምንም አልተከራከራትም። ገና አፈሩን ከመገልበጧ ግራሃም ከኋላዋ «አምላኬ ሆይ» አለ።

«ገና አላወጣሁትም» አለች ፖሊን።

«አዎ። ማለቴ፣ ድምፁ ነው።»

ወጣች። ስስ የብር ሳንቲም ናት። የአንዲት ንግሥት ፊት በጎን አለባት፤ ከጆሮዋ ኋላ ትንሽ ጽጌረዳ። እንደ አዲስ ማንኪያ ታበራለች። ፖሊን መዳፏ ላይ እንደያዘቻት ነፋሱ ያንጠባጠበውን አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ያኔ ሸተታት። አራት መቶ ዓመት አፈር ውስጥ የተቀበረች ሳንቲም ናና ናና ትላለች።

ተንበርክካ ሳለች ሁሉም በተራ መጣላት። ግማሹ ጠርሙስ ወተት። ከደጅ የጠፋው መኪና። ጉልበቱ ላይ የነበረው ገለባ። አንድ ጊዜ ደግሞ እሷ ከመሬት የመጣ ሳንቲም በኮምጣጤ ላሽለት ስትል እጇን ይዞ «ብር አይፈተግም፣ ይጫራል፤ ውሃ ብቻ» ብሎ የተቆጣት ትዝ አላት። ያን የተናገረ ሰው ነው በሳሙና ፈትጎ፣ ለእሷ እንድታበራላት፣ በማለዳ መጥቶ እዚህ የቀበራት። ቀና ብላ አየችው። ፖስታ በሚያድልበት ዘመን ደስ የሚል ደብዳቤ ሲይዝ በር አንኳኩቶ እንዲህ ባለ ፊት ይቆም ነበር ይባላል። አሁን ውሉ በእጇ ነው፤ አንድ ቃል ብትናገር ማሽኑ የበጎ አድራጎት ሱቅ መስኮት ውስጥ ይቆማል፤ ከሚቀጥለው እሁድ ጀምሮ ባሏ የሺላን ድንች ያመሰግናል። እሷን መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ያስቀመጣት ሰው ቅጣቱን ያገኛል።

«ቆንጆ ናት» አለች ፖሊን።

«ናት አይደል?»

«በጣም። በጣም ንጹሕ መሬት ነው ያለው እዚህ ዛፍ ሥር።»

ፖሊን ሳንቲሟን ኪሷ ውስጥ ከቆቧ ጋር አስቀምጣ ጉድጓዱን ደፈነች።

በሩ ጋ ሲደርሱ ሚስተር ታስከር ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል፤ እንደ ሁልጊዜው የዕለቱን ሊያዩ ነው የመጡት። ፖሊን የግራሃም እግር ከኋላዋ ሲዘገይ ሰማች። ማለዳ ተነሥቶ ይህን ሁሉ ሲያቅድ ይህችን አንዲት ልማድ ረስቷት ኖሯል።

«ፖሊን አንቺ ነሽ?» አሉ ሽማግሌው። «እኔማ ግራሃም ከራሱ ፈጥሮ የሚያወራሽ መስሎኝ ነበር። ሳንድዊቹን ባካፈለኝ ቁጥር ያንቺ ስም አብሮ ነው የሚመጣው።»

«መጥፎ ነው የሚያነሣኝ ወይስ ደህና?»

«ሳንድዊቹ ጥሩ ስለሆነ አላስተዋልኩም» አሉና ሳቁ። «በሉ፣ ምን አወጣችሁ? ያቺን ባለጽጌረዳዋን የመሰለች ዳግመኛ አልወጣችም?»

የፖሊን እጅ ኪሷ ውስጥ ቆመ። ግራሃም የበሩን መቀርቀሪያ እንደ አዲስ ነገር ይመረምራል፤ ጆሮው እስከ ጫፉ ቀልቷል።

«ባለጽጌረዳዋ?» አለች።

«ያቺ ትንሿ ንግሥት ናታ። ባለቤቴ ሳትሞት ነው፤ የዛሬ ስድስት ዓመት ይሆናል። ወጥ ቤታችን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣት ቀኑን ሙሉ ስናያት ዋልን። ውሰዳት፣ ያንተ ናት ብላ የሰጠችው እሷ ናት። ይሄ ሰው ያን ዕለት ቆሞ መሄድ አቅቶት ነበር። እስካሁን አልጋህ አጠገብ ናት አይደል?»

ግራሃም አፉን ከፈተ።

«አዎ» አለች ፖሊን። «በክብሪት ቀፎ ውስጥ።» ቀፎዋን በየሳምንቱ አቧራ ስትጠርግ ታነሣታለች፤ መልሳም ታስቀምጣታለች። ከትራሷ የክንድ ርቀት ላይ ናት። አንድም ቀን ከፍታት አታውቅም። «ዛሬ እንደሷ ያለ አልወጣም፤ እኔ ግን ይቺን አገኘሁ» አለችና የነሐስ ቆቧን አውጥታ በሽማግሌው መዳፍ ላይ አስቀመጠች። ንግሥቲቱን ኪሷ ውስጥ በአውራ ጣቷ ያዘቻት።

ሚስተር ታስከር ቆቧን አገላብጠው አዩ፤ ትንሿ ጣታቸው ላይ ሊያጠልቋት ሞከሩ፤ እምቢ አለች። «እናቴም ነበራት» አሉ። «ውሰጃት። ያንቺ ናት።»

መኪናው ዋናው መንገድ ላይ ወጣ። ዝናቡ መጣ፤ መጥረጊያው ወዲያና ወዲህ ይላል። የከተማው የመጀመሪያ መብራቶች ሲታዩ ፖሊን ሳንቲሟን አውጥታ አፍንጫዋ ጋ አደረገቻት።

«ናና» አለች።

ግራሃም መሪውን ጠበቅ አድርጎ ያዘ። «ትንሽ ነው ያደረግኩት።»

«ትጫራለች ብለህ አልነበር?»

«ተጭራለች። ጉንጯ ላይ፣ ትንሽ።» ማርሽ ቀየረ። «አፈር የለበሰች ሆና ካየሻት አታስደስትሽም ብዬ ነው። እኔ መጀመሪያ ሳያት እንደሚያበራ ነገር ነበር ያየኋት፤ በአፈሩ ውስጥ። አንቺ አፈሩን ብቻ ታያለሽ ብዬ ፈራሁ።»

«እኔ ቆቧን ያገኘሁት ከምሳ በፊት ነው፣ ግራሃም። ንግሥትህን ቤቷ ማስተኛት ትችል ነበር።»

«እኔ ምን ላድርግ? ወደ ዛፉ በይ ብልሽ እምቢ አልሽ።»

ፖሊን መሳቅ ጀመረች። መጀመሪያ በአፍንጫዋ ነበር፤ ቀጥሎ መያዝ አቃታት። ግራሃምም ጀመረ፤ ቀዩ መብራት አረንጓዴ ሆኖ ከኋላ ያለው መኪና ጡሩምባ እስኪነፋባቸው ድረስ ሁለቱም ዓይናቸውን ሲጠርጉ ቆዩ። ሲረጋጉ ፖሊን ወደ መስኮቱ ዞር ብላ «መጠበቂያ ክፍል» አለች።

«ሰምተሽኝ ነበር?»

«አንሶላ አይደል የሚለየን።»

ብዙ መንገድ ሄዱ። «መጠበቂያ ክፍል ውስጥ እኮ» አለ ግራሃም፣ «ከጎንህ ያለውን ሰው ለማናገር ትፈራለህ። ስሙ ይጠራና ይሄዳል ብለህ።» ለእሱ ይህ የዓመት ንግግር ነው።

«ተወው፤ መንገዱን እይ» አለችው፤ ድምፅዋ ግን ለስላሳ ነበር። የጥጉ ሱቅ ጋ ሲደርሱ ግራሃም ፍሬኑን ያዝ አደረገ፤ መብራቱ ገና በርቷል። «ብሩሽ ልግዛልሽ?» አላት። ፖሊን ትንሽ አሰበችና «አያስፈልግም» አለች።

ቤት ገብተው ጫማቸውን ሳያወልቁ ስልኩ ጮኸ። ሺላ ናት።

«ዛሬ ስላልነበርሽ ጭር ብሎን ዋለ» አለች። «ለሚቀጥለው እሁድ ድንቹን ለስንት ሰው ልላጥ? ግራሃምም ይመጣል ብለሽኝ ነበር።»

«አንመጣም፣ ሺላ።»

«ማን ታሞ ነው?»

«ማንም። ቆርቆሮ ፍለጋ ነን።» ፖሊን እህቷ ከዚህ ቀጥሎ የምትለው ነገር እንደሌላት አውቃ፣ ድንቹን አመስግና ዘጋች።

ግራሃም ወጥ ቤት ውስጥ ቆሞ ሰምቷል። ማሽኑን በጨርቅ እየወለወለ ነው፤ ይህን ያህል የተወለወለ ማሽን የለም። ፖሊን በአጠገቡ ስታልፍ «አንድ ነገር» አለችው። «ከእንግዲህ ወተት ልገዛ ብለህ በማለዳ አትውጣ። ምን እንዳለ የምታውቅበት ቦታ አትውሰደኝ። እዚያ አጥሩ ጋ፣ ማንኪያው የወጣበት ወዲያ፣ ገና ያልሄድኩበት አለ።»

ወደ ላይ ወጣች። መኝታ ቤት ገብታ የክብሪት ቀፎዋን ከፈተች፤ ውስጧ የንግሥቲቱ ቅርጽ የወጣበት ጥጥ አለ። ሳንቲሟን አስተኛቻት። ቀፎዋ ለነሐስ ቆቧ ጠባብ ስለሆነች ቆቧን ከጎኗ አቆመቻት። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገባች። ብርጭቆው ውስጥ አንድ ብሩሽ ብቻ አለ፤ ሰማያዊ፣ ንጹሕ፣ የግራሃም። ፖሊን የጥርስ ሳሙናውን ሳትሳሳ ጨምቃ በባሏ ብሩሽ ጥርሷን ከፊት፣ ከኋላ፣ ከላይ፣ ከታች ተረጋግታ ቦረሸች። አጥባ ብርጭቆው ውስጥ መለሰችው። አልጋዋ ውስጥ ሆና የእሱን እግር ደረጃው ላይ ሰማች፤ የመታጠቢያ ቤቱ በር ተከፈተ፤ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ። ብሩሹ እርጥብ መሆኑን እያየ እንደሆነ አወቀች።

ከዚያ ውሃው ሲከፈት ሰማች፤ ቀጥሎም ግራሃም በዚያው ብሩሽ ጥርሱን ሲቦርሽ፣ አፉ በአረፋ ሞልቶ ሲስቅ።